ጥሩምባው ሳይነፋ፦ ነፍሰ ጡርና አራስ ላለበት ሰፈር የተጻፈ ማሳሰቢያ

ባለፈው ክረምት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልፎ፣ በራችን ተንኳኳ። የታችኛው ግቢ ጎረቤታችን ነው፤ በባዶ እግሩ። ሚስቱን ምጥ ይዟታል፤ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። «የባለ ባጃጅ ስልክ አለህ?» አለኝ። የለኝም። ባለቤቴም የላትም። ከጎናችን ያሉትም የላቸውም። ስልኬን ከፍቼ ስማስን ያገኘሁት የድንኳን አከራዩን፣ የሬሳ ሣጥን ሠሪውንና የመቃብር ቆፋሪዎቹን አለቃ ነው። የእድር ጸሐፊ ነኛ! ሰው ሲሞት የሚጠራው ሁሉ ስልኬ ውስጥ አለ፤ ሰው ሲወለድ የሚጠራ አንድም አልነበረም።

ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ ልጇም አሁን መዳህ ጀምሯል። ባለ ባጃጁን ቤቱ ድረስ ሮጦ የቀሰቀሰው ጥሩምባ ነፊያችን ነበር። እኔ ግን ያችን ሌሊት ልረሳት አልቻልሁም። እናቶቻችን «ነፍሰ ጡር አንድ እግሯ መቃብር ነው» ይሉ ነበር። እድራችን የሚጠብቀው ደግሞ ሁለተኛው እግሯ እስኪገባ ነው። ለቀብሯ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ፣ ተሸካሚው፣ ተረኛው ሁሉ ተዘጋጅቷል። ለምጧ ግን የተዘጋጀ የለም። ከወለደች በኋላማ ገንፎው፣ እልልታው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ባዩ አይጎድልም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ብዬ ጀመርሁት፤ እየጻፍሁ ስሄድ ለማንም ሰፈር የሚሆን መሰለኝ። የሕክምና ትምህርት የለኝም። ለዓመታት የሰፈሬን ሞት መዝግቤአለሁ፤ መዝገቡን መለስ ብዬ ሳገላብጥ ግን «በወሊድ» ብዬ የጻፍሁበት ገጽ ላይ ዓይኔ ይቀራል።

ስልክ ቁጥር ሰብስቡ፤ ዛሬውኑ። ሌሊት የሚነሣ ባለ ባጃጅ (አንድ አይበቃም፣ ሦስት ይሁኑ)፣ የወረዳው አምቡላንስ ሾፌር፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ የጤና ጣቢያው ተረኛ አዋላጅ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በሚሠራበት ከተማ 907 ላይ መደወል ነው። ቁጥሮቹን በወፍራም እስክሪብቶ በወረቀት ጽፋችሁ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት በር ጀርባ ለጥፉ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ወረቀት አይጨርስም።

«ባሏ ይምጣ» አትበሉ። ሴሪን ታዲየስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድለውን መዘግየት በሦስት ከፍለውታል። አንደኛው ለመሄድ እስኪወሰን የሚያልፈው ጊዜ፣ ሁለተኛው በመንገድ የሚያልፈው፣ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር የሚያልፈው ነው። ሦስተኛው በሐኪሞቹና በመንግሥት እጅ ነው። ሁለቱ ግን የኛው የሰፈር ጉዳይ ናቸው። አንደኛው እኮ ሳንቲም አይጠይቅም! ባል መስክ ነው፣ አማት አልፈቀደችም፣ ጎረቤት «ገና ነው፣ የመጀመሪያ ልጅ ይቆያል» አለ፤ እንዲህ እየተባለ ይነጋል። ስለዚህ ውሳኔው ከምጡ በፊት ይቆረጥ። ወሯ ከመግባቱ በፊት ባልና ሚስት ቁጭ ብለው፣ አማትም ባለችበት፣ የት እንደምትወልድ፣ በምን እንደምትሄድ፣ ማን እንደሚሸኛት፣ ባል ከሌለ ማን «ተነሺ» እንደሚላት ይነጋገሩ። ይህ ሟርት አይደለም። ለሠርግ ስንት ወር እንመክር የለም እንዴ?

እርግዝናዋን በአደባባይ አትጠይቋት። ሴቶቻችን ሆድ እስኪገፋ የሚደብቁት በምክንያት ነው። ዓይን ይፈራሉ፣ መውረዱን ይፈራሉ፣ ያፍራሉም። ይህ ሊከበር ይገባል። ችግሩ መደበቁ ክትትሉንም አብሮ መደበቁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ በአንድ እርግዝና ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር መገናኘት እንደሚያስፈልግ፣ የመጀመሪያውም ከ12 ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። በዚያው ዓመት በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የታዩት ከመቶ 32 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቡና ላይ በሁሉ ፊት «ምነው ወፈርሽ?» ከማለት፣ የምታምናት አንዲት ሴት ለብቻዋ «ካርድ አወጣሽ?» ብትላት ይሻላል። ደም ግፊቷ፣ ደሟ፣ ሽንቷ፣ የኤችአይቪና የቂጥኝ ምርመራዋ፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቷ የሚታየው እዚያ ነው። የደም ግፊት መጨመር ራስ ምታት እስኪመጣ ድረስ ላይሰማት ይችላል፤ በጎረቤት ዓይን አይታይም።

ያላገባችዋን «ከማን ነው?» አትበሏት። ይህን የምጽፈው እያፈርሁ ነው። በሰፈራችን አንዲት የቤት ሠራተኛ ማርገዟ ሲታወቅ ሻንጣዋ በር ላይ ተቀመጠ። አሳዳሪዎቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ለልቅሶ ቀድመው የሚደርሱ፣ የእድር መዋጮ የማያሳልፉ ናቸው። እኔም በዚያ በኩል አልፌ ሻንጣውን አይቻለሁ፤ ዝም አልሁ። ከሁሉም ይልቅ ሰው የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለችው ናት፤ ዘመድ የላት፣ ባል የላት፣ የእድር ደብተር የላት። በመንግሥት ጤና ተቋም የእርግዝና ክትትልም ሆነ ማዋለድ ክፍያ የለውም፤ ባል አለሽ ወይ ተብሎም አይሰጥም። ይህን እንኳ የሚነግራት ሰው ትጣ?

ጀሪካኑን ተቀበሏት። ሃያ ሊትር ውሃ ሃያ ኪሎ ነው። በሰፈር ወጣቶች ማኅበር ስም ኳስ የሚጫወቱት ልጆች በቀን አንድ አንድ ጀሪካን ቢያደርሱላት ምን ይጎድልባቸዋል? እንጨቱም፣ ወፍጮ ቤቱም እንዲሁ።

ከአፏ አትንጠቁ። «ወተት አትጠጪ፣ ሙዝ አትብዪ፣ ማር አትላሺ፤ ልጁ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል» የሚለውን ያልሰማ የለም። ሲወለድ በገላው ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ወተትም ሙዝም አይደለም፤ ቆዳውን በማሕፀን ውሃ ውስጥ ሲጠብቅ የኖረ ቅባት ነው። «ብዙ ከበላሽ ልጁ ይገዝፍና ምጥ ይጸናብሻል» የሚለውም እናትን በደም ማነስ ያደክማል እንጂ ምጥ አያቀልም። ከወትሮው አንድ ተጨማሪ ማዕድ ያስፈልጋታል፤ ሽሮውም፣ ምስሩም፣ ጎመኑም፣ ሲገኝ እንቁላሉም። ጨው ስትገዙ አዮዲን ያለበትን ግዙ። ጾምን በተመለከተ እኔ ምን አግብቶኝ? ነገር ግን የንስሐ አባቷን እንድታማክር ንገሯት፤ ብዙዎቹ ከምናስበው በላይ ይራራሉ። በእስልምናም ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት አፍጥሮ ሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት የተፈቀደ ነው። ከጾመኛዋ ይልቅ የሚያስቸግሩት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ «እከሌ እስከ ዘጠኝ ወሯ ጾማ የለ?» የሚሉት።

ጤና ጣቢያ የሚሰጣት የአይረን እንክብል ሆዷን ሊያቅለሸልሻት፣ ሰገራዋንም ሊያጠቁር ይችላል። «መርዝ ነው፣ ጣዪው» አትበሏት። በሻይና በቡና አትዋጠው እንጂ፤ ሻይና ቡና ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቡና ጠጡ ባይ ጎረቤት እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሥ።

ኮሶ፣ አረቄ፣ «ምጥ የሚያፋጥን» ሥር፣ ከፋርማሲ በሰው አፍ የተገዛ ክኒን፣ ጫት፤ አንዱንም አታቅርቡላት።

ሆዷን አታሹ፣ አትጫኑ። በዚህ ነገር ከሰፈራችን የልምድ አዋላጅ ጋር ሳንጣላ አልቀረንም። ሴትዮዋ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱ፣ እጃቸው የተባረከ። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ብለው ገሠጹኝ። እውነታቸውን ነው። ከጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ጋር ቁጭ ብለው ሲነጋገሩ ግን በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ደም ከፈሰሰ፣ እንግዴ ልጁ ከቀረ፣ ልጁ በእጁ ከመጣ በእሳቸው እጅ የሚሠራ የለም። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም አንዲትን ጤነኛ ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ልጁ እንደተወለደ ማሕፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው የኦክሲቶሲን መርፌ በእሳቸው ቤት የለም። አሁን እሳቸው ምጥ የያዛትን ይዘው ይሄዳሉ፤ ወገቧን ያሻሉ፣ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፣ እጇን ይይዛሉ። ማንም ሠልጣኝ ያንን እንደ እሳቸው አያውቅበትም። እባካችሁ እንዲህ ያሉ እናቶችን «ጎጂ ልማድ» ብላችሁ አታባርሯቸው፤ ሥራ ቀይሩላቸው።

አሁን ወደ እናቶች ማቆያ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በጉራጌ፣ ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ አለው። ነገሩ ቀላል ነው። ቤቷ ሩቅ የሆነ ወይም ከዚህ ቀደም በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ ያረገዘች፣ ባለፈው ምጥ የጸናባት ሴት ወሯ ሲገባ ትመጣና ምጧን ከሆስፒታሉ ደጃፍ ሆና ትጠብቃለች። ከ1987 እስከ 2008 እ.ኤ.አ. የተመዘገቡ 24,148 ወሊዶች ተጠንተው ነበር፤ 6,805ቱ በማቆያው ያለፉ ናቸው። በማቆያው ካለፉት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100,000 ሕያው ወሊድ አንጻር 90 ገደማ ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ በቃሬዛ የደረሱ ስለሚሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ሥራ ነው አይባልም። ግን ጥናቱን የሰማ የእድር ዳኛ ሌላ ነገር ማሰብ አለበት፤ እነዚያ ሴቶች ቀድመው ያልመጡት ለምንድን ነው?

ዛሬ በብዙ የገጠር ጤና ጣቢያዎች ማቆያ ተሠርቷል፤ አንዳንዱ ግን ባዶውን ነው። እኛ ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለውን አንዱን ልናይ ሄደን ነበር፤ ስሙን አልጠራም። አልጋው ተነጥፏል፣ ምድጃው ቀዝቅዟል፣ አንዲት ሴት ብቻዋን ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። «ብቻሽን ነሽ?» አልናት። «ከትናንት ወዲያ ሁለት ነበሩ፤ ሄዱ» አለች። «ለምን?» «አንዷ ጤፏ አለቀ። አንዷ ልጆቿን ማን ያብላላት?» ይኸው ነው። ማቆያ ውስጥ ያለች ሴት የምትፈልገው ሐኪም ብቻ አይደለም፤ ቤቷ የቀረው ልጅ የበላ መሆኑን፣ ላሚቱ የታለበች መሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች። ስለዚህ ማቆያ የምትገባ ጎረቤት ካለቻችሁ ልጆቿን ተከፋፍላችሁ ያዙ፤ ላሚቱን እለቡ፤ ዶሮዎቹን እሰሩ። ጤፍ፣ ሽሮ፣ ዘይትና ቡና ቋጥራችሁ ላኩላት። ለተዝካር ዱቄት በቁና የሚያዋጣ እድር ለዚህ አያንስም። ባልም ሲሄድ ባዶ እጁን አይሂድ፤ ሲመለስም «ቤቱ ሰላም ነው» ብሎ የሚነግራት ነገር ይኑረው።

በቃሬዛ ጉዳይ ወሎዎችን እናመስግን። የቅሬ ማኅበራቸው ሟችን ብቻ ሳይሆን በሽተኛንና ምጥ የያዛትንም ይሸከማል፤ የሸክም ተራ ያልደረሰ ይቀጣል። መኪና በማይገባበት ሰፈር ቃሬዛው ንጹሕ ሆኖ፣ ገመዱ ተፈትሾ ይቀመጥ። ሬሳ የተሸከሙበትን አታምጡባት። ሴቲቱ ታውቀዋለች።

ደም ስጡ። ደም በመለገስ ብዙዎቻችን የምናስበው የመኪና አደጋ ነው፤ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ደም የሚፈሳት ሴት ግን ከደም ባንክ ደም ከሚወስዱት ከዋነኞቹ አንዷ ናት። ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነው፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል። ማንም ሰው የሚስቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሰጪ መፈለግ የለበትም። የእድራችን ወንዶች ለቀብር መቃብር ለመቆፈር እጅጌያቸውን ሲጠቀልሉ አይቻለሁ። እጅጌ መጠቅለል ካልቀረ…

ጤና ተቋም ውስጥ በደል ካያችሁ አትሳደቡ፤ ዝምም አትበሉ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴን አንዲት ባለሙያ በምጥ ላይ ሳለች «ስታረግዢ አልጮኽሽ!» ብላታለች። ያ ቃል ሃያ ዓመት አልፎት ዛሬም ቤታችን ውስጥ ይኖራል። ሁለተኛውን ቤት ልውለድ ብላ ያስቸገረችኝ በዚያ ቃል የተነሣ ነው። ሳንስማማ ቀርተን ሌላ ጤና ጣቢያ ሄድን፤ እዚያ የጠበቀችን አዋላጅ ምንጣፍ አንጥፋ «እንዴት መውለድ ይመችሻል?» ብላ ጠየቀቻት። እንደነዚህ ያሉትን ስም እያነሣችሁ አመስግኑ፤ የሌሎቹን በአስተያየት መስጫ መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ንገሩ፣ ለወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ። ሲሆን ተሰብስበን እንሂድ፤ አንድ ባል ብቻውን ሲናገር ጠብ ይመስላል፣ እድር ሲናገር አቤቱታ ይሆናል። ውሃ የማይመጣበት ማዋለጃ ክፍል ካለ ደግሞ ስድብ ምን ይሠራል? በርሜል ገዝታችሁ ሙሉላቸው።

ሲወለድ ምን ይሁን? ባለሙያዎቹ ያሳዩን እንዲህ ነው። ልጁ ወዲያው ተጠርጎ ይደርቅና ራቁቱን ከእናቱ ደረት ላይ ይጋደማል፤ ሁለቱም ባንድ ይሸፈናሉ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ጡት ይይዛል። ቢጫው እንገር «የቆየ ወተት» አይደለም፤ የመጀመሪያ ክትባቱ በሉት። ላም አላቢ ሁሉ ጥጃ እንገር ካልጠጣ እንደማይጠና ያውቃል፤ ለልጁ ሲሆን ለምን አልቦ ይደፋዋል? ገላውን ለማጠብ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ብርድ ትንሽ ልጅን ይገድላል። ቅቤ አታስልሱት፣ ስኳር ውሃ አታጠጡት፤ እስከ ስድስት ወሩ ከጡት በቀር ውሃም አያስፈልገውም። እትብቱ ላይ ቅቤ፣ አመድ፣ እበት አታድርጉ። ባለሙያ የሰጠው ቅባት ካለ እሱን ብቻ፤ ከሌለ ደርቆ ይውደቅ። እንጥል አታስቆርጡ፣ የድድ ጥርስ አታስነቅሉ። ያለ ወሩ ተወልዶ ያነሰ እንደሆነ ደግሞ ከእናቱ ደረት አይነሣ፤ የካንጋሮ እንክብካቤ የሚሉት ነው፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ማሞቂያ ሣጥን ያጠራቸው ሐኪሞች የጀመሩት። አባትም ደረት አለው። እናት እስክትታጠብና እህል እስክትቀምስ እሱ ይያዘው። በእኛ አገር ወንድ ራቁት ደረቱ ላይ ሕፃን ታቅፎ መታየት ያሳፍራል ይሉኛል፤ ታዲያ በር ይዘጋ።

አራስ ጥየቃ እንግዲህ። በ2016ቱ ጥናት ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ የታዩት እናቶች ከመቶ 17፣ ሕፃናቱ ደግሞ 13 ብቻ ነበሩ። በእነዚያ ሁለት ቀናት ውስጥ ያልጠየቃት ጎረቤት ግን ስንት ነው? ጠያቂ ሞልቶ መርማሪ የሚጎድልባት አራስ ናት የእኛ አራስ። ስለዚህ ከገንፎው በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውሉ፤ በመጀመሪያው ቀን፣ በሦስተኛው፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ልትታይ ይገባል። እናንተም ስትገቡ፦

እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃኑን አትሳሙ። ጉንፋን የያዘው ይቅር፣ ልጆች ይቅሩ።

ክፍሉ ተዘጋግቶ ከሰል አይንደድ፤ ዕጣኑም ይቀነስ። የከሰል ጭስ እናትንም ልጅንም ሲገድል ድምፅ የለውም።

አትቆዩ። አራስ እንቅልፍ እንጂ ወሬ አልጎደላትም። ይልቅ ስትወጡ የቆሸሸውን ጨርቅ ይዛችሁ ውጡና አጥባችሁ መልሱት። ገንፎውማ ይምጣ፣ አጥሚቱም ይምጣ፤ እኔ የገንፎ ጠላት አይደለሁም።

ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልልታ የሚባለውን ነገር ደግሞ እስቲ ተዉት። እናትየው ከውስጥ እየቆጠረች ነው።

የሚከተለውን ግን ቀድታችሁ ለጥፉ። ነፍሰ ጡሯ ወይም አራሷ ደም ከፈሰሳት፣ ራሷን ክፉኛ አሟት ዓይኗ ከደበዘዘ፣ ፊቷና እጇ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጣት፣ ካተኮሳት፣ የሽርት ውኃዋ ያለ ምጥ ከፈሰሰ፣ ልጁ መንፈራገጡን ከቀነሰ፤ ሕፃኑ ጡት አልይዝ ካለ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ፣ ከፈዘዘ፣ መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ከሆነ፣ እትብቱ ዙሪያው ቀልቶ መግል ከያዘ፤ ጠበልም ይሁን ሐኪም ብለን የምንመክርበት ጊዜ አይደለም። ተነሡ። ጠበሉን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ።

ለአሠሪዎች አንድ ቃል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት፤ አባትም ሦስት ቀን አለው። አባቶች ሆይ፣ ሦስቱን ቀን ግሮሰሪ በምርቃት አታሳልፉ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ መጻፉ ከበደኝና ወደ መጨረሻ ገፋሁት። ክርስትና ሳይነሣ የሞተ ሕፃን በእኛ እድር ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ድንኳንም አይተከልም። ደንቡን የጻፉት አባቶች ጨካኞች አልነበሩም፤ በዚያ ዘመን ሕፃን ብዙ ይሞት ነበርና እድሩ አይችለውም ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ግን አንዲት የእድራችን አባል በተወለደ በአምስተኛው ቀን ልጇ ሞተባት። አባትየውና ሁለት ወንድሞቹ በማለዳ ቀበሩት። ሴቶቹ ገብተው «አይዞሽ፣ ልጅነትሽ አለ፣ እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» አሏት። እሷ ምንም አላለችም። ጡቷ ግን ወተቱን አላቆመም፤ ቀሚሷ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ነበር፤ ሁላችንም አይተን ዞር አልን። ለሳምንታት ከቤት አልወጣችም። «ተነጫነጨች» ተባለ እንጂ «ታመመች» ያላት አልነበረም።

«ሌላ ይሰጥሻል» አትበሉ። የሞተው ይህኛው ነው። ስም ወጥቶለት ከሆነ ስሙን ጥሩ። ከእሷ ጋር ቁጭ በሉ፤ ዝም ማለት ትችላላችሁ። እንቅልፍ ካጣች፣ እህል ካስጠላት፣ ወይም በሕይወት ያለውን ልጇን ማየት ካቃታት ለጤና ባለሙያ ንገሩ፤ ይህ በደኅና የወለደችም ላይ ይደርሳል። ለሚቀጥለው ጉባኤ ያቀረብሁት ሐሳብም ይኸው ነው፤ ደንቡ ይሻሻልና የሕፃን ሐዘን ቢያንስ የሦስት ቀን ልቅሶ ይኑረው። አንዳንድ አባላት «መዋጮው አይችለውም» ብለዋል፤ አብሮ ቁጭ ማለት መዋጮ አይፈልግም ብዬ መልሻለሁ።

የቃሬዛው ገመድ ተገዝቷል። ሦስት ባለ ባጃጆች ፈርመዋል፤ አንዱ ለሌሊት ድርብ እንዲከፈለው ጠይቆ ከእድሩ ሣጥን እንዲሰጠው ተስማምተናል። የሰፈሩን ነፍሰ ጡሮች ዝርዝር የያዘችው የእድሩ የሴቶች ተወካይ ብቻ ናት፤ እኔም አላየሁትም፣ አላይም። ጥሩምባ ነፊያችን ደግሞ በቁም ነገር መጥቶ «ለምጥ ምን ዓይነት ድምፅ ልንፋ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌሊት ጥሩምባ የሰማች ነፍሰ ጡር ምን እንደምትሆን አስበንና ስቀን ተውነው። በሩ ጀርባ ከሚለጠፈው ወረቀት አናት ላይ ግን የእሱ ቁጥር ተጽፏል። በሰፈሩ ሌሊት ቶሎ የሚነሣው እሱ ነው።